ሰባተኛው ኪስ

የመጨረሻ ልጄ ሐያት ባለፈው እሑድ ደውላ «አባ፣ በቀን ስንት የኪስ ገንዘብ ይበቃችኋል?» ብላ ከጠየቀችኝ ጀምሮ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አቅቶኛል። ሻይ አስቀድቼ ሳልጠጣው እነሳለሁ። ከተነሳሁ በኋላ ወዴት ልሄድ እንደነበር ይጠፋኝና እመለሳለሁ፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። ሐያት ዱባይ በአንድ ሆቴል የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰጧትን ስሙኒ ወር ሙሉ ሳትነካ የምታከርም ልጅ ነበረች። አሁን ለእኔና ለእናቷ ለዘሃራ፣ በስተርጅና ደስ ይበላቸው ብላ፣ ከደሴት ወደ ደሴት በሚዞር መርከብ ላይ ቦታ ይዛልናለች። አምስት ቀን፣ አምስት ደሴት። «መብሉም መኝታውም ተከፍሏል» አለችኝ። «ገንዘብ የሚያስፈልጋችሁ ለሻይ ለምናምንና ደሴቶቹ ላይ ስትወርዱ ለምትገዙት ብቻ ነው። ግን ጥሬ ብር አትይዙም። አንገታችሁ ላይ ካርድ ታንጠለጥላላችሁ፣ ለሁሉም እሱን ታስነካላችሁ፣ በቃ። የቀኑን ልክ ካለፈ እንቢ እንዲል አድርጌ ነው የማስሞላው። እስከ ሐሙስ ቁርጡን ንገሩኝ፤ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ገንዘብ ሳያዩ ገንዘብ ማውጣት እንዴት እንደሆነ እያሰብኩ ሳለ ዘሃራ ከወዲያ ማዶ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «እኔ አልሄድም፤ አባትሽን ይዘሽው ሒጂ» አለች። ሐያት በስልኩ ውስጥ «ለምን፣ እማ?» ስትላት «ባሕር አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ በቅቶኛል» ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ልጅቷ እናቷ የቀለደች መስሏት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያቺ አንድ ጊዜ የምትላት ባሕር ላይ የሆነውን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ወይም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ዘሃራን ይዤ ያን መርከብ መሳፈርና ከአምሳ ዓመት በላይ በአንገቴ ላይ ያለውን ነገር ማውረድ። እሷ ካልሄደች ግን ማንን ይዤ፣ ለማን?

ሰኞ ጧት ተነስቼ መቐለ ውስጥ ከምንኖርበት ከሓድነት ወደ ገበያ በእግሬ ወረድኩ። ሚኒባሶቹ በየተራ አጠገቤ እየቆሙ ጡሩንባ ነፉልኝ፤ አልገባሁም። መኪና ውስጥ ከተቀመጥኩ ማሰብ ልጀምር ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኞች የሚያመላልሰው አውቶቡስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሴቶቹን ሲጭን አየሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሸሚዝ፣ አንድ ዓይነት ኪስ፣ ኪሱም ሁለት ጣት የማያስገባ። ዕድሜዬን በልብስ ሰፊነት ስለጨረስኩ ከሰው ፊት በፊት ኪሱን ነው የማየው፤ ጡረታ ብወጣም ይህ አመል አልለቀቀኝም። ጨርቅ ተራ ከወሎ የመጣ አንድ ወጣት አለ። የአገሬ ልጅ ስለሆነ ከእሱ ነው የምገዛው፣ እሱም የአገሩ ሰው ስለሆንኩ ሳያፍር አስወድዶ ይሸጥልኛል። ግራጫ ጨርቅ አስወረድኩት። «ጋሼ ሰይድ፣ ለማን ነው?» ሲለኝ «ለራሴ፤ ከውስጥ ስድስት ኪስ ያለው ሰደርያ እሰፋለሁ» አልኩት። «ስድስት! ምን ሊያደርጉበት ነው?» «ገንዘብ ላስርበት።» ሳቀ። ለሜትሩ የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ እኔም ሳቅሁ፤ በእኔ ጊዜ በዚያ ብር ጎጆ ይወጣ ነበር። ካርድ እንደሚንጠለጠል አልረሳሁም። ግን ኪስ ሳልሰፋ ከቤት ወጥቼ መንገድ መሄድ አልችልበትም።

ያን ጊዜ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ አጎቴን ተከትዬ መቐለ መጥቼ ከገበያው በላይ ባለች በረንዳ ላይ በኪራይ የእግር መኪና እሰፋ ነበር። ሙሉ ልብስ ማሰፊያ አሥራ ሁለት ብር፣ ሱሪ ማሳጠር ስሙኒ፣ ቁልፍ መትከል በምስጋና። የሱሪ እግር ከወር ወር እየሰፋ የሚሄድበት ዘመን ነበር፤ ወጣቶቹ «ጨምርበት፣ ጨምርበት» እያሉ ጨርቅ አስጨረሱኝ፣ አባቶቻቸው ደግሞ «ቀንስበት» እያሉ በማግስቱ ይመጡ ነበር፤ እኔ ከሁለቱም ስሙኒ ስሙኒ እቀበላለሁ። ከጎኔ ኪዳነ የሚባል አናጢ ይሠራ ነበር። ረጅም፣ ፀጉሩን ያጎፈረ፣ ከጆሮው እርሳስ የማይለየው ሰው ነው። ግራ እጁ ላይ ቢጫ ቆዳ ያላት፣ ካባቱ የወረሳት ሰዓት ያስራል። በየግማሽ ሰዓቱ ያያታል፤ የሚያስቸኩለው ጉዳይ ግን ኖሮት አያውቅም። እሱ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም ስለሆንን ሥጋ አብረን አንበላም፤ ሁለታችንም ወደየሥጋ ቤታችን ነው። የሚያገናኘን ሻይ ነበር። በሻዩ ላይ ግን ግብግብ አለ፤ ማን ይክፈል የሚል።

የኪዳነ ዘዴ እጅ መታጠብ ነው። «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሳል፤ እጁን እያራገፈ ሲመለስ ተከፍሏል። ዘዴውን ካወቅሁበት በኋላ እኔ ገና ሳልቀመጥ ባንኮኒው ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ ጀመርኩ። እሱ ደግሞ ማለዳ ሻይ ቤቱ ሲከፈት እየሄደ የቀኑን ይከፍል ጀመር። «ሓወይ ሰይድ፣ ምን ታደርገዋለህ፣ ተከፍሏል እኮ!» ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ። አንድ ጊዜ ለአሥር ሳንቲም ሻይ ስንጓተት ሸሚዙን ከትከሻው ቀደድኩበት። መልሼ የሰፋሁለት እኔው ነኝ፤ የስፌቱን ልክፈል አትክፈል ብለን ደግሞ ሌላ ግብግብ። ዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ደግነት ይመስለዋል። ደግነትም ነበረበት፣ ግን አልዋሽም፣ ከደግነቱ እልሁ ይበልጥ ነበር።

ዘሃራን ያገባሁት በዚያው ሰሞን ነው። የመቐለ ልጅ ናት፤ አባቷ የጨው ነጋዴ ስለነበር የባሕር ወሬ በሚወራበት ቤት ነው ያደገችው። በኒካሓችን ቀን ሽማግሌዎቹ መህሯ፣ ማለት ባል ለሚስቱ የግድ የሚሰጣት ስጦታ፣ ምን እንዲሆን እንደምትፈልግ ሰው ልከው አስጠየቋት። ሌላዋ ወርቅ ትላለች። ዘሃራ ከጓዳ ሆና «አንድ ሉል፣ ከባሕር የወጣ» ብላ ላከች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ደስ አለኝ፤ ወርቅ የምገዛበት አልነበረኝማ። «ወደፊት የሚሰጥ» ተብሎ ታለፈ። ሲታለፍ ቀላል ነበር። መህር ግን የሚስት ሐቅ ነው፤ ካልሰጠሃት ወይም እሷ በልቧ ካልተወችልህ እስከ መቃብር ይከተልሃል።

የመንገዱን ሐሳብ ያመጣው ኪዳነ ነው። ከምጽዋ ዕቃ ጭኖ ደሴቶቹን የሚዞር፣ ሰውም የሚያሳፍር ሳምቡክ፣ የእንጨት መርከብ፣ መኖሩን ከአንድ ነጋዴ ሰማ። «እናንተ ጫጉላችሁን፣ እኔ ደግሞ ባሕሩን ልይ» አለ። ሦስታችንም ስምንት ወር እቁብ ጣልን። እኔ ደግሞ ገንዘባችን በሻይ ግብግብ እንዳያልቅ ፈርቼ ሰደርያ ሰፋሁ። ከላይ ሲያዩት ተራ ግራጫ ሰደርያ ነው። ከገበሩ በኩል ግን ለስድስት ቀን መንገድ ስድስት ኪስ አለው። በየኪሱ የአንዳንድ ቀን ወጪ፣ ሰባት ሰባት ብር፣ ከትቼ አፉን በየቀለሙ ክር ሰፋሁት፤ የመጀመሪያው ቀን ነጭ፣ የሁለተኛው ቀይ፣ እያለ ይሄዳል። የቀኑን ለማውጣት መቀስ ያስፈልጋል፤ መቀሱን ለዘሃራ ሰጠኋት። የነገውን ዛሬ ልንካ የሚል ሰው እሷን ሳይጠይቅ አይነካም ማለት ነው። ሰባተኛውን ኪስ በግራ ብብቴ ሥር ደበቅሁት። እሱ ውስጥ አርባ ብር ነበር፣ አፉም በጥቁር ክር የተሰፋ። የሉሉ ነው። ለዘሃራም ለኪዳነም አሳየኋቸው፤ በሥራዬ በጣም ኮርቼ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን፣ ዓዲግራት ላይ፣ ነጩን ክር ሳላስቆርጥ ኪዳነ እጁን ታጠበ። አስመራ ስንደርስ ምሳውን እኔ ቀድሜ ከፈልኩ፤ ማኪያቶውን እሱ። ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና ሴቶች በብስክሌት ሲያልፉ፣ ከየቡና ቤቱ በር ዘፈን ሲወጣ፣ ዘሃራ አበባ ያለበት የናይለን ቀሚሷን ለብሳ በየመስተዋቱ ስትቆም፣ እኔ ልቤ ያለው ማን ከፈለ በሚለው ላይ ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያች ከተማ ውስጥ አጥርቼ የማስታውሰው የገንዘብ ተቀባዮችን ፊት ነው። በባቡር ቁልቁል ወርደን ምጽዋ ስንገባ ሙቀቱ ልብሳችንን ከገላችን ጋር አጣበቀው። እዚያ ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በርበሬ ቀብተው፣ ከምድጃው ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነው የሚያበስሉት፤ አንዱ ሁለት ብር ከስሙኒ። ዓሣ የእስላም የክርስቲያን የለውም። ጎን ለጎን ስንሠራ ኖረን ከኪዳነ ጋር ከአንድ ገበታ እጃችንን ያስገባነው ያን ቀን ነው። ዝም ብሎ ይበላና ቀና ብሎ ያየኛል፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ «በርበሬው ነው» አለኝ። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ። ሳምቡኩ ላይ ከወጣን በኋላ ስንነጋገር ለካ እሱም ከፍሏል፤ ሰውዬው ከሁለታችንም ተቀብሎ ዝም አለ። ዘሃራ ያን ቀን እስኪያማት ሳቀች።

ማክሰኞ ቤት ውስጥ ይህን እያሰብኩ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ ዘሃራ «ኣንታ፣ ቁጭ በል፤ መሬቱን ፈጀኸው እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ለምን አትሄጂም?» አልኳት። «ነገርኩህ፤ በቅቶኛል።» «ዕዳዬን ልከፍልሽ ፈልጌ ነው።» ይህን ስል ዓይኔን አላየችም። «አንተ ኪስህን ታውቀዋለህ» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ይህችን ቃል በትዳራችን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! በተጣላን ቁጥር፣ በስተመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትላታለች። እኔ ደግሞ በሰማኋት ቁጥር ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ። ሰው እግሬ መንገድ እንደሚወድ ያወራል። እግሬ መንገድ አይወድም፤ ከዚያች ቃል ነው የሚሸሸው።

ወደ ሳምቡኩ ልመለስ። እኔ የሐይቅ ልጅ ስለሆንኩ ውኃ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ማዶ የሌለው ውኃ ግን አላውቅም ነበር። ከእኛ ሌላ አሥራ ሦስት ተሳፋሪ አለ፤ ዓሣ አጥማጆች፣ ሁለት መምህራን፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ፍየል የያዙ አንድ ሽማግሌ። በመጀመሪያዋ ደሴት አንድ ጥቁር ቀጭን ጠላቂ ሽማግሌ ቀይ ጨርቅ ፈትቶ ሉሎቹን አሳየን። ዘሃራ ዓይኗ ያረፈባት ሽምብራ ታክላለች፤ ፀሐይ ሲያገኛት ውስጧ ሮዝ ይመስላል። ሰውዬው አርባ አምስት አለ፤ ዘሃራ ራሷ ተከራክራ አርባ አደረሰችው። መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዘረጋቻት። እኔ ግን ገንዘብ አያያዝ አዋቂ ሆኜ «መመለሻችን በዚሁ ነው፤ ያን ጊዜ እንገዛታለን፤ ባሕር ላይ እንዳትጠፋብን» አልኩ። ሉሏን ለሰውዬው መለሰችለት። «አደራ፣ ለሌላ እንዳትሸጥ» አለችው።

በማግስቱ ሁለተኛዋ ደሴት ላይ ኪዳነ የአጥማጆቹን የጧት ዓሣ በሙሉ ገዝቶ ተሳፋሪውን ሁሉ ምሳ ጋበዘ። ሰው አጨበጨበ። «ወዲ መቐለ! ወዲ መቐለ!» እያሉ ትከሻውን መቱት። እኔም የመቐለ ሰው ነበርኩ፤ ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ዓሣውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። የቀኖቹ ኪሶች ያን ጊዜ ተራቁተዋል፤ ዘሃራን እያባበልኩ አንዱን ባንዱ ላይ አስቆርጬ ጨርሻቸዋለሁ። ወደ ካፒቴኑ ሄጄ «የሁሉም ሰው መመለሻ ስንት ነው?» አልኩት። አንዱ ሦስት ብር፤ አሥራ ሦስት ሰው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ብር። መቀሱን ዘሃራን መጠየቅ አፈርኩ። ወደ ሳምቡኩ ጀርባ ዞሬ፣ ክንዴን አንስቼ፣ ጥቁሩን ክር በጥርሴ በጠስኩት። የቀረችኝን አንዷን ብር ለካፒቴኑ ጉርሻ ሰጠሁት፤ ትንሽ ነገር አልወድማ! ከዚያማ ጭብጨባው ለእኔ ሆነ፤ ባለ ፍየሉ ሽማግሌ ትከሻዬን ሳሙኝ። ዘሃራ መጣችና ከንፈሬ ላይ የቀረውን ጥቁር ክር በጣቷ አንስታ ባሕር ላይ ጣለችው።

ስንመለስ ያ ጠላቂ ከሩቅ አይቶን ውኃው ወገቡ ድረስ እስኪደርስ ገብቶ መጣ። ቀዩን ጨርቅ እንዳይርስበት ከራሱ በላይ ይዞታል። አልሸጣትም ነበር። «ሌላ ጊዜ» አልኩት። አልገባውም፣ ደገምኩለት። ዘሃራ ፊቷን ወደዚያኛው ባሕር መለሰች። ኪዳነ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን ከደነ። አስመራ ስንደርስ «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ተመለሰ። እጁ ላይ ሰዓቷ የለችም። «ዋይ ኣነ፣ ለካ ባሕሩ በልቷታል!» አለ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን «ኪዳነ፣ ባሕሩን ስንት ሰዓት ነው በለው» እያልን ስንስቅበት ኖርን፤ አብሮን ይስቅ ነበር።

እቤት ስንገባ ሰደርያውን አውልቄ ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። ዳግመኛ አልለበስኩትም፤ ላየውም አልፈለግሁም። በሁለተኛው ወር የበረንዳው ነጋዴዎች ትልቁ እቁብ ደርሶኝ የራሴን የእግር መኪና ገዛሁ፤ ሰው ሁሉ «ሰይድ አለፈለት» አለ። ሉሉን በሚቀጥለው ዓመት እገዛለሁ እል ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሥራ ሲቀናኝ የወርቅ ጉትቻ ገዛሁላት፤ አደረገችው፣ አመሰገነችኝ፣ ግን የጠየቀችው እሱን አልነበረም። ኪዳነም አገባ፣ ወለደ፣ ሸበተ። ባንኩም መንገዱም በተዘጋበት ዓመት የደም ግፊት መድኃኒት አጥቶ ተኛ። እኔ የባንክ ደብተሬ ላይ ብዙ ብር ተጽፎ ነበር፣ በእጄ ግን አንድም አልነበረኝም። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለቅስ «ተመስገን በል» አለኝ፣ «ዛሬ እንኳ ልክፈል ብለህ አትጣላኝም።» በሳምንቱ ሞተ።

ትናንት፣ ረቡዕ ማለት ነው፣ ዘሃራን የሳጥኑን ቁልፍ ጠየቅኋት። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ አሮጌውን ልብስ ፈትተህ፣ ቁራጮቹን አዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግተህ፣ በእሱ ልክ ነው የምትቆርጠው። «ምን ልታደርግ?» አለች። «የድሮውን ሰደርያ ልፈታው ነው።» ቁልፉን ወረወረችልኝ። ሰደርያው ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። የስድስቱ ቀን ኪሶች አፋቸው እንደተከፈተ ነው፤ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ክር እዚህም እዚያም ቀርቶባቸዋል። ግራ ብብቱን ስገለብጠው ግን ሰባተኛው ኪስ ተሰፍቷል። በሰማያዊ ክር። እኔ ሰማያዊ ክር አልተጠቀምኩም፤ እንዲያ ጠማማ ስፌትም ሰፍቼ አላውቅም። ቆረጥኩት። አራት ባለ አሥር ብሮች ወደቁ፤ የንጉሡ መልክ ያለባቸው፣ እንደታጠፉ የደረቁ።

ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ብሮቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አላወጣኸውም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሰይድ፣ ይህን ብር አላወጣኸውም?»

«እዚህ መኖሩንም አላውቅ! ማን አስቀመጠው?»

«ኪዳነ ነዋ።» ድምጿ ተቆራረጠ። «ስንመለስ ዓዲግራት ላይ አንተ ለሶላት ስትወርድ ሰደርያህን ወንበሩ ላይ ትተኸው ነበር። ብሩን አውጥቶ ሰጠኝ። 'ሰዓቴን ሸጬ ነው፤ እኔ ባላስቀናው አያወጣውም ነበር፤ ቦታው መልሰሽ ስፊው' አለኝ። 'እንዳትነግሪው፤ ከነገርሽው ይመልስልኛል፤ ራሱ ያግኘው' ብሎ በማርያም አስማለኝ፣ እኔን እስላሟን! ከሻሼ ዘርፍ ክር መዝዤ ሰፋሁት።»

«ታዲያ እኔ…»

«አንተማ በሁለት ወርህ ማኪና ገዝተህ መጣህ! በቃ፣ አገኘው አልኩ። መህሬን ማኪና ገዛበት አልኩ።»

«በእቁብ ነው የገዛሁት፣ ዘሃራ! ወላሂ በእቁብ ነው!»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«የሰው ኪስ ልፈትሽ? አንተስ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቀን 'ሉልሽን አጥፍቼዋለሁ' ብትለኝ 'ሂድና ኪስህን እይ' እልህ ነበር። ያችን አንዲት ቃል ነው ስጠብቅ የኖርኩት።»

እኔ ያጠፋሁትን ታስታውሰኛለች ብዬ ስሸሻት፣ እሷ የመለሱልኝን ዳግመኛ በላው ብላ ስትታዘበኝ፣ ስንት ልጅ አሳደግን፣ ስንት በዓል አለፈ። ብሮቹ በሆነ ዘመን ከገበያ ወጥተዋል፤ ዛሬ ሻይ እንኳ አይገዙም። ልቤ ተቃጠለ። እዚያው መሬት ላይ፣ ከቁርጥራጩ ጨርቅ መሃል፣ ተቀመጥኩ፤ እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ አልተነሳሁም። ዘሃራም አልተነሳችም። አንድ ጊዜ አለቀሰች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ባሕሩን ስንት ሰዓት ነው በለው!» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ መልሳ አለቀሰች።

ዛሬ ሐሙስ ሐያት በቀጠሮዋ ደወለች። «እሺ፣ ስንት ልበል?» አለች። አፌን ሳልከፍት እናቷ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ለሻዩና ለምናምኑ አንቺ እንዳልሽ አድርጊው» አለቻት። «አንድ ሉል ግን አለ፤ እሱን በካርድ አንገዛም። አባትሽ ከራሱ ኪስ ነው የሚከፍለው። መጀመሪያ በወረድንበት ደሴት፤ ስንመለስ የሚባል ነገር የለም።» ሐያት «እማ፣ ትሄጃለሽ ማለት ነው?» ብላ ጮኸች። ዘሃራ መርፌዬን አንስታ ክር ልታስገባ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረች።

እኔ አዲሱን ሰደርያ እየቆረጥኩ ነው፤ እግሬ ግን ዛሬም አልረጋ ብሏል፣ ይህን የምጽፈውም እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው። አንድ ነገር ትናንት ማምሻውን ትዝ ብሎኝ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ያን ቀን ዓዲግራት ላይ ከሶላት ስመለስ ኪዳነ ከመኪናው በር ላይ ቆሞ እጁን ሲያራግፍ አገኘሁት። ሰዓት የሌለበት አንጓው ነጭ ሆኖ ይታያል። «የት ሄደህ ነው?» አልኩት። ጥርሱን ሁሉ እያሳየ «እጄን ልታጠብ» አለኝ።